ወረፋ የያዘው ፎቶ

«እኮ ምን ሁነሽ ነው ጠዋት ጠዋት ውሃ የማትጠጭው?»

እቴቴ አልጣሽ ኩባያውን ሞልተው በሩ ላይ ቆመዋል። ይህን ጥያቄ መጠየቅ ከጀመሩ ዓመት ሞልቷቸዋል፤ መልሱን እሳቸውም አላገኙት፣ የልጅ ልጃቸው ሠርክአዲስም አልነገረቻቸው። ጠበል አስጠምቀዋታል። ጤና ጣቢያም ወስደዋታል፤ ነርሷ የሠርክአዲስን ወገብ ጫን ጫን አድርጋ አየችና ውሃ በደንብ ጠጭ ብላ ክኒን ሰጠቻት። ክኒኑን ዋጠች። ውሃውን ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነው ቆማ የምታንደቀድቀው፤ ጠዋት አንዲት ጉንጭ አትቀምስም።

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር» አሉ እቴቴ አልጣሽ። «ተረቱ ቤቴ ድረስ መጣ።»

«አልጠማኝም እቴቴ። ይተውኝ፣ ረፍዶብኛል።»

አልረፈደም። ጎረቤት እንኳ ገና በሩን አልከፈተም፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከዚያ ቅርብ ነው። እቴቴ አልጣሽ ይህንንም አስተዋሉ፤ የሚጨነቁበት ነገር አንሷቸው አያውቅም። ሠርክአዲስ ግን ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ከተዘረጋው ኩባያ ሥር ሾልካ ሮጠች። አልጋዋ ላይ ሳለች አንድ ነገር ትዝ ብሏት ነበር፤ መምህር ደርበው ሰሞኑን የተናገሩት አንድ ቃል። ያ ቃል እውነት ከሆነ፣ ከሁሉ ቀድማ መድረስ አለባት።

ነገሩ የተጀመረው በፕሪንተሩ ነው። ለትምህርት ቤቱ አንድ ትልቅ የቀለም ፕሪንተር ተገዝቶ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ደምበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ሲወርድ፣ የአይሲቲ ክበብ ልጆች በጋሪ አጅበው አመጡት። ጋሪው ጉድጓድ በገባ ቁጥር የክበቡ ኃላፊ መምህር ደርበው «ቀስ፣ ቀስ» ይላሉ፣ ሙሽራ የጫነ ይመስል። ርእሰ መምህሩ ቢሮ ጥግ ላይ አስቀመጡት። ሠርክአዲስና ጓደኛዋ መታሰቢያ ብርቱካናማውን ፕላስተር ከየጎኑ ላጡለት፤ ጥቁሩን፣ ሰማያዊውን፣ ቀዩንና ቢጫውን የቀለም ዕቃ ግራና ቀኝ እየናጡ በየማደሪያው ሰኩለት። ከዚያ ገመዱን ራውተሩ ላይ ሰክተው የራሱን ቁጥር ሰጡት። ቁጥሩ የቤት ቁጥር ማለት ነው፤ በየክፍሉ ያሉት ኮምፒውተሮች ሥራ ሲልኩለት የት እንዳለ የሚያውቁት በሱ ነው።

መጀመሪያ አልሠራም። የጸሐፊዋ የወይኒቱ ኮምፒውተር ፕሪንተሩ አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ «አላገኘሁትም» እያለ አስቸገረ። ነቀሉ፣ ሰኩ፣ አጠፉ፣ አበሩ። በመጨረሻ የወይኒቱ ኮምፒውተር የቤተ መጻሕፍቱን ዋይፋይ ይዞ እንደነበር ተደረሰበት።

«አያችሁ» አሉ መምህር ደርበው ግንባራቸውን እየጠረጉ፤ «አንድ ኔትወርክ ላይ ካልሆኑ ጎን ለጎን ተቀምጠውም አይተያዩ። ደግሞ ይኸንንም ያዙ። የላካችሁት ሥራ ወረቀት ቢያልቅ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ወረፋውን አይለቅም። የማትፈልጉት ከሆነ ራሳችሁ ሰርዙት።»

ያን ጊዜ ሠርክአዲስ ጆሮዋን አልሰጠቻቸውም። የሙከራው ገጽ አራቱን ቀለሞች ደርድሮ ሙቅ ሙቅ እያለ እየወጣ ነበር። መታሰቢያ እልል አለች፤ ወይኒቱ ወረቀቱን ጉንጯ ላይ ለጠፈችው።

ሐሙስ ከሰዓት ርእሰ መምህሩ አቶ አስናቀው ወደ አይሲቲ ክፍል መጡ። በማግስቱ ከዞን እንግዶች ስለሚመጡ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ትልቅ ባለቀለም ማስታወቂያ እንዲዘጋጅ ፈለጉ፤ ርእሱ «ምቹና ንጹሕ ትምህርት ቤታችን» እንዲሆን፣ በርከት ያለ ቅጂ እንዲወጣ። ፎቶዎቹን በፍላሽ ሰጧቸው። ቤተ መጻሕፍቱ አለ፣ ችግኙ አለ፣ ባንዲራው አለ። መጨረሻ ላይ «የሴቶች መጸዳጃ ቤት» የሚል አለ፤ ነጭ ሴራሚክ የለበሰ ግድግዳ፣ መስታወት፣ የሚያብለጨልጭ ቧንቧ።

መታሰቢያ ሳቋን መያዝ አቃታት። «አቦ፣ ይቺ ሽንት ቤት ዱባይ ናት እንዴ?»

አቶ አስናቀው አልተቆጡም። ዕቅዳችን ነው አሉ። እንግዶቹ ጥሩ ነጥብ ከሰጡ በጀት ይመጣል፣ በጀት ከመጣ በር ይሠራል፤ እንግዲህ ለበሩ ስንል ነው ብለው አስረዷቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመው ተማሪውን በየስሙ እየጠሩ ያስገባሉ። የሴቶቹን መጸዳጃ በሮች አምና ያስነቀሉትም ለክፋት አልነበረም፤ ዴስክ ተሰባብሮ ልጆች መሬት ስለተቀመጡ፣ ጣውላው ለጥገና ይሁን ብለው ነው። ለጊዜው ነው ተባለ። ጊዜው ዓመት ሞላው። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይሄዳሉ፤ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ሹራብ ዘርግታ በር ትሆናለች። ከአጥሩ ማዶ የወንዶቹ ፉጨት ይሰማል። ደጋግመው አመልክተዋል፤ ይታያል ተብለዋል። እስካሁን አልታየም።

መታሰቢያ ቤት ትፈለግ ስለነበር ሄደች። ሠርክአዲስ ብቻዋን ቀረች። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እየደረደረች የመጨረሻው ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ያን ነጭ ሴራሚክ «የኛ» ብላ መጻፍ ነበረባት። ስልኳ ውስጥ ሌላ ፎቶ አለ፤ ባለፈው ወር ራሷ ያነሣችው። በር የሌላቸው ክፍሎች ተደርድረው ይታያሉ፤ አንደኛው ደፍ ላይ ሁለት እጆች ሰማያዊ ሹራብ ወጥረው ይዘዋል። ፊት አይታይም፤ እጅና ሹራብ ብቻ። ነጩን ሴራሚክ አወጣች፣ ያንን አስገባች። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አልነካችውም፤ «የሴቶች መጸዳጃ ቤት» ይላል፣ እሱ ልክ ነው።

ከዚያ «አትም» የሚለውን ነካችው።

ፕሪንተሩ የትልቁ ወረቀት መሳቢያ ባዶ ስለነበር ወረቀት ጨምሩ የሚል መልእክት ላከ። ሠርክአዲስ መልእክቱን ደግማ አነበበችው። ምን አድርጌ ነው? ብትሰርዘው ይሻላል፣ ወይስ ሄዳ ወረቀት ብትጨምር? ሳትወስን መብራት ጠፋ፤ የከተማው ሁሉ። ኮምፒውተሩ ጨለመ። በቃ፣ ጠፋልኝ ብላ ተነፈሰች። አቶ አስናቀውም ጠዋት ይታተማል ብለው ላኩባት፤ ክፍሉ ተቆለፈ።

አርብ ጠዋት ያ የወረፋ ቃል ትዝ ብሏት እየሮጠች በትምህርት ቤቱ በር ስትገባ፣ የዞኑ እንግዶች ማልደው ደርሰው መኪናቸው ከባንዲራው ሥር ቆሟል። ወይኒቱ ትልቁን ወረቀት ሞልታ፣ መምህር ደርበው ኮምፒውተሩን አብርተው ነበር። ሠርክአዲስ ቢሮው በር ላይ ስትደርስ ፕሪንተሩ ከእንግዶቹ ጀርባ እያጓራ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበ ያወጣል። ሰማያዊው ሹራብ ከሁሉም ጎልቶ ወጥቷል። ቀለሙ እንዲህ ያምራል ብላ አላሰበችም ነበር።

ከእንግዶቹ አንዷ፣ መነጽር ያደረጉ ሴትዮ፣ አንዱን አንሥተው አዩት። «ይኸ የት ነው?»

«የሌላ ትምህርት ቤት ነው» አሉ አቶ አስናቀው ፈጠን ብለው። «በስሕተት የወጣ ነው።»

ሴትዮዋ ቀና ሲሉ ዓይናቸው በር ላይ ከምታለከልከው ልጅ ጋር ተገናኘ። ያን ሰማያዊ ሹራብ ለብሳለች። ይሁን እንጂ የትምህርት ቤቱ ተማሪ ሁሉ ሰማያዊ ሹራብ ነው የሚለብሰው። አንች እዚህ ነው የምትማሪው ብለው ጠየቋት። ሠርክአዲስ አዎ አለች። ሌላ ነገር ልትጨምር አፏን ከፍታ ነበር፤ ጉሮሮዋ ደርቆ ቃሉ አልወጣ አለ። ሴትዮዋ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መለሱት።

ያቺን ዝምታ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ረገመቻት።

እንግዶቹ ሲሄዱ አቶ አስናቀው በሩን ዘጉ። ማን ላከው ሲሉ መምህር ደርበው ቀድመው ገቡ፤ ኔትወርክ ነው፣ አዲስ ማሽን ፋይል ያደባልቃል፣ ያጋጥማል አሉ። እየተናገሩ ሠርክአዲስን በዓይናቸው ይለምኗታል። እሽ በይ፣ ማሽኑ ይሸከምልሽ የሚሉ ይመስላሉ።

«ማሽኑ አላደባለቀም» አለች ሠርክአዲስ። «የላክሁትን ነው ያወጣው። እኔ ነኝ የላክሁት።»

ወላጅ ሳታመጭ እንዳትገቢ ተባለች። የሴሚስተሩ ፈተና ደጅ ላይ ነው፤ ፕሪንተሩንም እንዳትነካ ተከለከለች።

መታሰቢያ አጥሩ ሥር ጠበቀቻት። ከንፈሯ ነጥቷል። በፎቶው ላይ ሹራቡን የያዙት እጆች የሷ ነበሩ፤ ግራ እጇ ላይ ያለው ቀይ ክርም ይታያል። ወሬውን እንደ ሰማች ክሩን በጥርሷ በጥሳ ጥላዋለች።

«አንች ምን ሆነሽ ነው ግን? ቫይረስ ነው በያቸዋ፣ ማን ያውቃል? ፈታ በይ፣ ሁሉም ይረሳዋል።»

«አንች ትረሽዋለሽ?»

መታሰቢያ የበጠሰችው ክር የነበረበትን ቦታ አሸች። «ስሜን እንዳታነሺ ብቻ» አለች። ሠርክአዲስ አላነሣም አለቻት፤ ተያይዘው ሳይሄዱ በየፊናቸው ተለያዩ።

ወሬው ከሠርክአዲስ ቀድሞ ቤት ገብቷል። ጎረቤት ለጎረቤት ሲቀባበል መልኩን ቀይሮ፣ የአልጣሽ የልጅ ልጅ በሽንት ቤት የተነሣ ፎቶ በትና ተባረረች የሚል ሆኖ ነው የደረሰው። እቴቴ አልጣሽ እንዲህ ያለውን ነገር ሰምተው አያውቁም። ምን ዓይነት ፎቶ? የማን? ለብሳ ነው፣ ሳትለብስ? ለመጠየቅ አፈሩ። ልጅቱ ስትገባ ዓይኗን ማየት ፈርተው ጓዳ ገቡ። እሷም የተቆጡ መሰላትና አልተጠጋቻቸውም። ሁለቱም በየበኩላቸው ዝም ብለው አመሹ፤ በአንድ ቤት፣ ጎን ለጎን።

እቴቴ አልጣሽ የሚፈሩት ነገር ብዙ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ልጃቸውን ክንዱን ፈሩ። ክንዱ የሠርክአዲስ አባት ነው፤ ፈረስ ቤት ከምትባለው ከተማ አጠገብ ያርሳል። ልጁን ፍኖተ ሰላም ሲሰዳት አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረው፤ ከተማ ስሟን ካጠፋው ትምህርቱ ይቅር፣ መጥቼ እወስዳታለሁ ብሏል። እሱ ተናግሮ የሚያጥፍ ሰው አይደለም። ስለዚህ እቴቴ አልጣሽ ችግር ሲገባ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረጉ። ቅዳሜ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ለልጅቱ ሳይነግሩ ሽማግሌ ለመኑ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ ቤት መጡ። መሪጌታ ሀይሉ ከፊት፣ አያ ቢሆነኝ ዱላቸውን እየተመረኮዙ ከኋላ። ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል። ሠርክአዲስ ውሃ ልታስታጥብ ስትነሣ ነገሩን ሰማችው፤ ርእሰ መምህሩ ቤት ሄደው ታርቀውላታል።

መሪጌታ ሀይሉ ሁሉንም በዝርዝር ተረኩት። ደጃቸው ላይ ቆመን እሽ ካላሉን አንቀመጥም አልናቸው። ልጅ ናት፣ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፤ አጥፍታለች፣ ይማሯት አልናቸው። ሰውዬው ጨዋ ናቸው፣ ሽማግሌ ደጃቸው ቆሞ አላስቻላቸውም፤ አስቀመጡን። ፈተናዋን ትፈተናለች። ማሽኑንም ትነካለች። ሰኞ በሰልፍ ላይ ወጥታ ፎቶው የኛ ትምህርት ቤት አይደለም፣ በስሕተት ነው፣ ይቅርታ ትበል፤ በቃ፣ ይኸው ነው።

እቴቴ አልጣሽ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አመሰገኑ። ዕንባቸው መጣ።

ሠርክአዲስ የማስታጠቢያውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ቆማ ነበር። «መሪጌታ፣ ፎቶውን አይተውታል?»

«እኔ ምን ሊያሳየኝ!»

«ርእሰ መምህሩስ ውሸት ነው አሉዎት?»

መሪጌታ ሀይሉ ጢማቸውን ያዝ አደረጉ። ቃል የሚያከብሩ ሰው ናቸው፤ አስበው ነው የመለሱላት። «እንዲያስ አላሉም። አሳፈረችን ነው ያሉት።»

«እንግዲያ አልልም።»

አያ ቢሆነኝ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉት።

«እኔ በመሬትም በደምም ሸምግያለሁ» አሉ። «ለሽንት ቤት የሸመገልሁት ዛሬ ነው፤ ያውም ጉልበቴ አልሸከም እያለኝ ቆሜ። ይች ልጅ ደግሞ አልልም ትላለች።»

«ይማሯት ሲሉ እኮ አጥፍታለች ማለትዎ ነው አያ ቢሆነኝ። አጥፍቻለሁ ብዬ ማንን ላክሁ?»

«እኔ ነኝ የላክኋቸው» አሉ እቴቴ አልጣሽ በቀጭን ድምፅ።

ሠርክአዲስ ወደ አያቷ ዞረች። ልትቆጣ ነበር፤ አያቷ የነጠላቸውን ጫፍ ሲጠመዝዙ ስታይ ቁጣው የሚሄድበት ጠፋው። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። መሪጌታ ሀይሉ ለስለስ ብለው ሞከሩ፤ ሽምግልና የገባበት ነገር እንደ ታረቀ ይቆጠራል፣ እኛን ማፍረስሽ ነው፣ ተቀምጠን የተነሣንበት ወንበር ይታዘበናል አሉ። የሚሉት እውነት ነበር። ሽማግሌ አሳፍሮ በዚያ ሰፈር ቀና ብሎ መሄድ ከባድ ነው። ቢሆንም ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ያን ጊዜ አያ ቢሆነኝ ተነሡ። ነገ በሰልፉ ካልተባለ ለክንዱ ራሴ እደውላለሁ፤ ከእኔ ይስማ እንጂ ከሜዳ ወሬ አይስማ ብለው ወጡ። መሪጌታ ሀይሉም ተከተሏቸው። የቀረበው ሳይቀመስ ቀረ።

እቴቴ አልጣሽ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። ወዲያና ወዲህ ተወዛወዙ። አባትሽ ይመጣል አሉ። ፈተናው ያልፍሻል አሉ። መሪጌታን በየት ዓይኔ አያቸዋለሁ አሉ። ከዚያ ከአርብ ጀምሮ ሊጠይቁት ያፈሩትን ጠየቁ።

«እንዲያው እግዜር ያሳይሽ፣ ራቁትሽን ነው?»

«ምኑ?»

«ፎቶው።»

ሠርክአዲስ አያቷን ትክ ብላ አየቻቸው። አሁን ገባት። ስልኳን አውጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ፎቶውን ከፈተችላቸው።

እቴቴ አልጣሽ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምረዋል፤ ፊደሉን ያነባሉ። መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት። ለረዥም ጊዜ አዩት። መጀመሪያ በር የሌለውን ደፍ አዩ። ከዚያ እጆቹን። የማን እጅ ነው ብለው ጠየቁ፤ ሠርክአዲስ የጓደኛዬ ብላ ስም ሳትጠራ ቀረች። ከዚያ ጣታቸው ሹራቡ ላይ ሄደና ክርኑ ጋ ቆመ። ክርኑ ተቀዶ በጥቁር ክር ተጥፏል፤ ሰማያዊ ክር ጠፍቶ ነበር። የጣፉት እሳቸው ናቸው። ከመስከረም በፊት በመስኮቱ ብርሃን ሥር ተቀምጠው፣ ክሩ በመርፌው ቀዳዳ አልገባ እያላቸው የጣፉት።

«ከሹራቡ ኋላ ማን አለ?»

«አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሷ። ሰው የማይኖርበት ሰዓት እንጠብቃለን። ካልሆነ እስከ ቤት እንይዛለን።»

«እስከ ቤት?»

«ጠዋት ካልጠጣሁ ይቻላል።»

እቴቴ አልጣሽ መልሱን ሰሙት። ዓመት ሙሉ ሲጠይቁት የኖሩትን። ጠበሉ፣ ክኒኑ፣ ሌሊት ሌሊት ልጅቱ ወገቧን ይዛ ስትገላበጥ እሳቸው ነቅተው የደገሙት ጸሎት፣ ሁሉም ለአንድ በር ነበር። ስልኩን መለሱላት። እኛ እንኳ ወንዝ እንወርድ ነበር፣ ቁጥቋጦ ነበረን አሉ ለራሳቸው ያህል። ይቅርታ በይ አላሏትም፣ አትበይ አላሏትም። ፍርሃታቸው እንዳለ ነበር፤ መሪጌታም ክንዱም ፈተናውም ከአናታቸው አልወረዱ። ነጠላቸውን ተከናንበው ግድግዳውን ሲያዩ አመሹ።

ሰኞ ጠዋት ሠርክአዲስ ስትነሣ አያቷ እንደ ወትሮው በሩ ላይ አልቆሙም። ኩባያው በርጩማው ላይ ነበር፤ ሞልቶ፣ በሰሐን ተከድኖ። እቴቴ አልጣሽ ጀርባቸውን ሰጥተው ምስር ይለቅማሉ። ጠጭ የሚል ድምፅ የለም። ያወቁትን ነገር መልሰው እንዳላወቁ መሆን አልቻሉም። የእጃቸው ፍጥነት ግን ያስታውቃል፤ ድንጋዩንም ምስሩንም ባንድ ላይ እየጣሉ ነበር።

ሠርክአዲስ ፊቷን ታጠበች። ፀጉሯን አሰረች። ሹራቧን ከምስማሩ ላይ አወረደችና ሳትለብሰው ክንዷ ላይ አጠፈችው፤ የተጣፈው ክርን ወደ ውጭ ሆነ። ውጭ ብርድ ነበር፤ እቴቴ አልጣሽ ልበሽው ሊሉ ዞሩና ክርኑን አይተው ተዉት። ከሩቅ የትምህርት ቤቱ ደወል ተሰማ፤ ተማሪው ለሰልፍ መሰብሰብ ጀምሯል።

ልጅቱ በርጩማው አጠገብ ቆመች። ሰሐኑን አነሣች። ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች፤ ቶሎ ሳትል፣ ጉንጭ በጉንጭ፣ እስከ ታች። አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ከዚያ ጀሪካኑን ዘንበል አድርጋ እንደገና ሞላችና ሁለተኛውንም ጠጣችው።

የእቴቴ አልጣሽ እጆች ምስሩ ላይ ቆመዋል።

«ሠርኬ» አሉ። «ምን ልትያቸው ነው?»

ሠርክአዲስ ባዶውን ኩባያ በርጩማው ላይ ደፋችው። «ሹራቡ የኔ እንደሆነ» አለች፤ ክንዷ ላይ አስተካከለችው፣ በሩን ገፋ አድርጋ ከፈተችና ወጣች።